የማን በጋ?

እንግሊዝኛው «ሰመር ታየር» ይለዋል። ቃሉን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ገና በሩ ላይ ይደናቀፋል። «ሰመር» እዚህ አሜሪካ ከጁን እስከ ኦገስት ያለው፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ወቅት ነው። እኛ አገር በነዚያው ወራት ሰማዩ ተቀዶ ይወርዳል፤ ስሙም ክረምት ነው። ታዲያ «የክረምት ጎማ» እንበለው? አይሆንም፤ ሰሚው ለበረዶ የተሠራ ይመስለዋል። «የበጋ ጎማ» እንበለው? ይኸኛውማ ይብሳል። የኛ በጋ ኅዳርንና ታኅሣሥን በሆዱ የያዘ ነው፤ ደጋ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ ውርጭ የሚጥለው፣ ሣሩ ነጭ ለብሶ የሚያድረው፣ በነዚያ ሰማያቸው በጠራ ሌሊቶች ነው። ይህ ጎማ ዝናብ አይጠላም። የሚጠላው ብርድን ነው። እንግዲህ የኛ ክረምት ብዙም አይከፋውም፤ የኛ በጋ ማለዳ ግን ያስቸግረዋል ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ለራሴ «የሙቀት ጎማ» ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ያምጣ።

ይህን የምለው ለቃል ጨዋታ አይደለም። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት አንድ የማከብራቸው ሰው ገደል አፋፍ ደርሰው ተመልሰዋል። ወደሳቸው እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን እኔ ማን ነኝና ስለ ጎማ አወራለሁ?

ቅዳሜና እሑድ፣ ፈተና በሌለበት ሳምንት ደግሞ ሁለት ማታ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ካለ አንድ ጎማ ቤት እሠራለሁ። የግቢው ልጆች ይህን ካወቁ ወዲህ ስሜ ቀርቶ «ጎሚስታው» ተብያለሁ። እናቴ በስልክ «ምን ሥራ አገኘህ?» ብትለኝ «ጎማ እቀይራለሁ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርከው?» አለች። «እማዬ፣ እዚህም ትምህርት አለ» ብዬ አጽናናኋት። ያን ጊዜ ለማጽናናት ያህል ያልኩት ነው፤ እየቆየ ግን እውነት ሆነ። ወደኛ ቤት የሚመጣው ደንበኛ ግማሹ ያገሬ ሰው ነው፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ሊሞ የሚነዳ፣ በስልክ እየተጠራ ሰው የሚያመላልስ፣ ሌሊት ሆስፒታል ገብቶ ጠዋት የሚወጣ። መኪናቸው በክሪክ ተነሥቶ እስኪሠራ ድረስ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ያወራሉ። እኔም እጄ እየሠራ ጆሮዬ ይሰማል።

ላየው ሰው ጎማ ሁሉ አንድ ነው፤ ጥቁር፣ ክብ። መኪናው ሁለት ሺህ ኪሎ ይመዝን እንጂ መሬት የሚነካው በአራት መዳፍ ነው፤ ከያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱ ላይ የሚያርፈው ክፍል የሰው መዳፍ ቢያክል ነው። መሪውም፣ ፍሬኑም፣ ሞተሩም፣ የሹፌሩ ብልኀትም፣ ሁሉም በነዚያ አራት መዳፎች በኩል ካላለፈ ከንቱ ነው።

ጎማና የአየር ጠባይ ደግሞ የቆየ ፀብ አላቸው። በጥንቱ ጊዜ ጥሬ ጎማ በሙቀት እየቀለጠ ይጣበቅ፣ በብርድ እየደረቀ ይሰነጠቅ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በእሳት ቢያዋሕደው ሁለቱ ጠባዮች ታረቁ። ታረቁ እንጂ ፀቡ አልሞተም። ዛሬም ጎማ የሚቀምም ኢንጂነር ሦስት ነገር ይፈለግበታል፤ መንገድን አጥብቆ መያዝ፣ ብዙ መቆየት፣ ብርድን መቻል። ሦስቱንም እኩል የሚሰጥ ቅመም ገና አልተገኘም። አንዱን ሲያበዛ ሌላው ይጎድልበታል።

ለፍጥነት የተሠራው የሙቀት ጎማ የመጀመሪያዋን መርጦ ሁለቱን የተወ ነው። አስፋልቱ ሲሞቅ ቅመሙ ይለሰልስና በመንገዱ ጥቃቅን ሻካራዎች ውስጥ እየገባ ይቆነጥጣል። ቦዮቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ውኃ ጠራርገው ያስወጣሉ። አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ግን ያው ቅመም መጠንከር ይጀምራል፤ ሻካራው ውስጥ መግባቱን ትቶ ላይ ላዩን ይሄዳል። ከዜሮ በታች 7 ገደማ ሲደርስ ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህን እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ ሚሽላንን የመሰሉ ትልልቅ ሠሪዎች ራሳቸው በማስጠንቀቂያ ጽፈውታል። እንዲያ በርዶ ያደረ ጎማ ከመነዳቱ በፊት ሞቅ ያለ ቦታ 24 ሰዓት ይቆይ እስከማለት ደርሰዋል። አስቡት፤ ጎማ አልጋ ላይ ተኝቶ ሲታመም!

አሁን ደግሞ ከወንበሩ የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

አንዱ እኛ «የቅዳሜው ልጅ» የምንለው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውሎ ቅዳሜ ከጋራዥ የሚያወጣት አጭር ቀይ መኪና አለችው። እሱን ስለ ጎማው ጠይቁት፤ ፍቅረኛውን የጠየቃችሁት ይመስላል። «መሪውን ሳዞረው አይደለም የምትታጠፈው» ይላል፤ «ሳስበው ነው።» በጁላይ አንድ ቀን በ495 አውራ ጎዳና ላይ ዶፍ ወረደበት፤ ከፊቱ ያለው መኪና ድንገት ቆመ። «ፍሬን ያዝኩ፤ እንደ ተቸነከረች ቀጥ አለች! የበጋ ጎማ ዝናብ አይወድም ያለው ማነው?» አለኝ። ልክ ነው። በሞቀ ዝናብ፣ ጥርሱ ካላለቀ፣ የሙቀት ጎማ ከብዙ ጎማ ይሻላል። ቅሬታው ሌላ ነው፤ የኋላዎቹን ጎማዎች ዓመት ሳይሞላቸው መቀየሩ። «ጎማ አይደለም የምገዛው» ይላል፤ «ሳሙና ነው።»

ሌላው ሊሞ የሚነዱ አባት ናቸው። ያገለገለ ትልቅ መኪና ሲገዙ ጎማው ከላዩ መጣላቸው፤ ቸርኬው ሰፊ፣ የጎማው ጎን ቀጭን፣ ሲያዩት ያምራል። «ያምራል፤ ግን ለውዝ ብረግጥ ይሰማኛል» ይላሉ። አንድ ማታ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በማግሥቱ መጡ። የጎማው ጎን ላይ እንቁላል የሚያህል እባጭ ወጥቷል። ከውስጥ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው አይለጠፍም፣ አይታደስም፣ መጣል ነው። ቸርኬውም ተጣሟል። ቀጭን ጎን በመታጠፊያ ላይ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ግን የሚመክተው አየር ትንሽ ነው፣ ዱላው በቀጥታ ብረቱ ላይ ያርፋል።

ሦስተኛዋ ነርስ ናት፤ እህታችን። ሌሊቱን ሠርታ በኖቬምበር ማለዳ ከሆስፒታሉ የመኪና ማቆሚያ ስትወጣ፣ በረዶ የለ፣ ዝናብ የለ፣ ውርጭ ብቻ። መውረጃው ላይ ፍሬን ረገጠች። «መኪናዋ ሰማችኝ» አለች፤ «ሰምታ ዝም አለችኝ።» በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ እስከ ግንቡ ድረስ ሄዳ ነካችው። የተጎዳ የለም። መኪናዋን የገዛችው በጁን ነው። ጎማው ምን እንደሆነ የሸጠላትም፣ መድን የገባላትም፣ ዘይት የቀየረላትም አልነገራትም። «ሁሉም ጥሩ ጎማ ነው አሉኝ» አለች። ጥሩ ጎማ ነበር። ይኼ ነው ችግሩ።

እነዚህን ሁሉ ስሰማ ያስተዋልኩት ነገር አለ፤ የሚዋሽ የለም። አንዱ «ወርቅ ነው» ይላል፣ ሌላው «ገዳይ ነው» ይላል፤ ስለ አንድ ዓይነት ጎማ። ሁሉም እውነቱን ነው፤ የየራሱን ወር እውነት።

ታዲያ ሰው በምን ይወቅ? ጎማ ይናገራል፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ 235/35 ዜድ አር 20፣ 92 ዋይ የሚል አለ። 235 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 35 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 35 በመቶ ነው፤ ከ8 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ የሊሞው አባት ለውዝ የሚሰማቸው ለዚህ ነው። 20 የቸርኬው ልክ በኢንች። 92 አንዱ ጎማ 630 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ዋይ ደግሞ የፍጥነት ፊደል ነው፤ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር። ልብ በሉ፤ በቨርጂኒያ ሕግ በሰዓት ከ85 ማይል፣ ማለት ከ137 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መንዳት በራሱ ወንጀል ነው። ጎማው ለ300 ፈቃድ አለው፤ ሹፌሩ ግማሹን እንኳ ሳይደርስ ዳኛ ፊት ይቆማል።

ከዚያ ቀጥሎ የአሜሪካ መንግሥት በግድ የሚያስጽፋቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ የመቆያ ቁጥር ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ 7,200 ማይል በመንገድ ላይ ተነድቶ ከመለኪያ ጎማ ጋር እየተመዛዘነ የሚገኝ። የሙቀት ጎማ 300 ገደማ ሲጽፍ፣ ያ ለቤተሰብ መኪና የሚሸጠው 500ና 600 ይጽፋል። ሁለተኛው መንሸራተትን የመቋቋም ፊደል ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሁለት ኤ ነው። ሦስተኛው ግለትን የመቋቋም። ብዙ ሰው ሁለት ኤ ሲያይ ልቡ ያርፋል። ግን ያ ፊደል የሚለካው በረጠበ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ስለ መታጠፊያ አይልም። ስለ በረዶ አይልም። ስለ ብርድ አይልም።

ስለ ብርድ የሚናገሩ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንዱ ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ናቸው፤ ለጭቃና ለበረዶ ማለት ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የመጣው፣ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በመሐሉ የበረዶ ቅንጣት። የሙቀት ጎማ ሁለቱም የለውም። «ብርድ አልችልም» ብሎ አልጻፈም፤ ዝም ነው ያለው። ጎማን ማንበብ ማለት እንግዲህ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም መፈለግ ነው። ዝምታው ነው መልሱ።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

ጋሼ ከስድሳ ያለፉ ሰው ናቸው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ። በወጣትነታቸው ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዘው አሰብ ይመላለሱ ነበር። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። በመጨረሻ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ፤ ፈጣን፣ ውብ፣ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ። ነዳጅ ቀረልኝ ብለው ደስ ብሏቸዋል። ልጃቸው ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥተው ሰው ወደ ኤርፖርት ማድረስ ይጀምራሉ።

በኖቬምበር መጀመሪያ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ምስማር ወግቶት መጡ። ጎማውን ፈትቼ ሳገላብጠው አየሁት። ኤም እና ኤስ የለም። ተራራ የለም።

«ጋሼ፣ ይህ ጎማ የሙቀት ነው» አልኳቸው። «ብርዱ እየገባ ነው፤ ሌላ ቢያስገቡለት ይሻላል።»

«ጥርሱ ስንት ነው?»

ለካሁት። ከ32 የኢንች ክፍል 7 አለው። ሕጉ የሚጠይቀው 2 ነው።

ጋሼ ከኪሳቸው አንድ ሳንቲም አወጡ። እዚህ አገር የታወቀ ፈተና ነው፤ ሊንከንን ቁልቁል ዘቅዝቆ ጥርሱ መሐል መክተት። አናቱ ከታየ ጎማው አልቋል። ከተቱት፤ ሊንከን እስከ ቅንድቡ ሰጠመ። «ይኸው ምስክር!» አሉ፤ ወንበሩ ላይ ያሉት ሳቁ።

«ጥርሱማ አለ ጋሼ። ችግሩ ጥርሱ ሳይሆን ቅመሙ ነው፤ ሲበርደው ይጠነክራል።»

«ስማ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ ቁጣ የለባቸውም። «ደብረ ብርሃን ተወልጄ ብርድ ታስተምረኛለህ? ደግሞ ሲገዛ ‹ሰመር› ብለውኛል፤ የበጋ ነው። የኔ አገር በጋ ውርጭ ነው። በረዶም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ ያቺን የ95ቷን ሌሊት ማን አደረ?»

የ95ቷ ሌሊት የሚሏት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ናት። በ95 አውራ ጎዳና፣ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ፣ በረዶ ወርዶ መቶዎች መኪናዎች ባሉበት ተገትረው አደሩ፤ አንዳንዱ ከአንድ ቀን በላይ ቆየ። ሴናተር ቲም ኬይን እንኳ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ተይዘው 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ጋሼ በድሮዋ ታክሲ ውስጥ አድረው በማግሥቱ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በረዶ የሚባል ፈተና አለፍኩ ብለው ያምናሉ። የድሮዋ ታክሲ ጎማ ግን ለሁሉም ወቅት የሚሆን ተራ ጎማ ነበር። ያን ሌሊት ሙሉ ድርሻውን ሲሠራ «እኔ ነኝ» አላለም። ጎማ አይፎክርም።

«እነዚህንም አይጣሏቸው» አልኳቸው። «ቤትዎ ያስቀምጧቸው፤ ኤፕሪል ላይ መልሰን እናስገባቸዋለን። ደኅና ጎማ ናቸው።»

ዋጋውን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለዚያ ልክ የሚሆን አራት ጎማ ከሳምንት ገቢያቸው በላይ ነው። የመኪናዋ የወር ዕዳ አለ፤ የልጅቷ ክፍያ አለ። ዝም አሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ዓይነት ነው። ከዚያም «እናያለን» አሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ደግሞ በልባቸው «ልጁ የሱቅ ቋንቋ ለምዷል» ሳይሉም አልቀሩ። እኔ ልጅ ነኝ፣ የምሠራው ጎማ በሚሸጥ ቤት ነው፤ አሰብ ተመላልሶ ያረጀ ሹፌር የኔን ቃል ለምን ያምናል? ከዚህ በላይ መጫን ድፍረት ይሆናል። ምስማሩን ነቅዬ ለጠፍኩ፣ የነፋሱን ልክ አስተካከልኩ፣ ወጡ።

ቀሪውን ራሳቸው ነው የነገሩኝ።

በጃንዋሪ መጨረሻ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። በረዶ የለም። ቀን ላይ ትንሽ ዘንቦ ማታ ሰማዩ ጠርቷል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ብዙ ወርዷል። ከኋላ አንዲት ተማሪ ተቀምጣለች፤ ወደ ደለስ ኤርፖርት፣ ወደ እናቷ የምትሄድ። መንገዱ ባዶ ነው፤ ጋሼም አልፈጠኑም። ከዋናው መንገድ ወጥተው በድልድይ ወደሚያልፈው መታጠፊያ ገቡ። ድልድይ ከታችም ከላይም ብርድ ስለሚመታው ከመንገዱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ምልክቱም ይህንኑ ይላል። ፍሬን ረገጡ። እግራቸው ሥር ፍሬኑ ተንቀጠቀጠ። መሪውን አዞሩ። መኪናዋ ግን ቀጥታውን ሄደች።

«መታጠፊያው ወደ ግራ ነው፤ እኛ ቀጥ ብለን» አሉኝ። «ምንም ድምፅ የለም። በአሰብ መንገድ ጎማ ሲከዳህ ይጮኻል፤ ይፈነዳል፣ ታውቃለህ። ይኼ ዝም ብሎ ወሰደኝ።»

የፊት ቀኝ ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ ቸርኬው ተሰነጠቀ፣ መኪናዋ ዞራ አጥሩ ሥር ቆመች። ከአጥሩ በታች ሌላ አውራ ጎዳና ነው። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ሌላ መኪና ጠሩላት። ስትገባ ዞር ብላ «አመሰግናለሁ፣ አባቴ፣ እርስዎ ደኅና ነዎት?» አለቻቸው። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ነው ድምፃቸው የተሰበረ። «ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ልጄን ነው የምታክለው። እሷ ምን አድርጋ? መኪናው ምቹ ነው፣ ሹፌሩ ሽማግሌ ነው ብላ ዐይኗን ጨፍና ነበር።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ሹፌር ስለ ጎማው ቢሳሳት የሚከፍለው እሱ ብቻ ቢሆን የራሱ ጉዳይ ነው በተባለ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግን የጎማውን ጎን አላነበበም፤ ሊያነብም አይችልም። ገብቶ ዐይኑን ይጨፍናል። እኛም ሁላችን አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጥን ነን።

መኪናዋ በተጎታች እኛ ዘንድ መጣች። ጋሼ ሦስት ቀን ሥራ ፈቱ። ሲመጡ «ነግረህኝ ነበር» አላሉኝም፤ እኔም «ነግሬዎት ነበር» አላልኩም። ጎማዎቹን ፈትቼ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። ሱቁ ውስጥ ማሞቂያ አለ። ጋሼ ወንበራቸውን አስጠግተው ሩብ ሰዓት ያህል ተመለከቷቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው አንዱን ጥርስ ተጫኑት።

«አሁን ለሰለሰ» አሉ። «ያኔ ወርጄ ስነካው ድንጋይ ነበር።»

«ሲሞቀው ይመለሳል ጋሼ።»

«አየህ» አሉ ቀና ብለው፤ «አሰብ መንገድ ላይ ጎማ የሚገድለው ግለት ነው። ሲግል ቁም፣ ጥላ ፈልግ፣ በግለቱ ጊዜ ነፋሱን አትቀንስ፤ ጎማውን በብረት መታ መታ አድርገህ ድምፁን ስማ። ይቺን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እዚህ ጠላቱ ተገልብጦ ጠበቀኝ። እውቀቴ ውሸት አልነበረም፤ አገሩ ሌላ ሆኖበት ነው።»

ይቺን ንግግር ከብዙ ሌክቸር በላይ አስቤባታለሁ። ከመካከላችን አገሩ ሳለ ዐዋቂ የነበረ፣ እዚህ ሲመጣ ባወቀው የተደናቀፈ አባት፣ አጎት፣ አክስት የሌለው ማነው? እኛ ወጣቶቹ ደግሞ ቶሎ ብለን «አያውቁም» እንላለን። ያውቃሉ። የሚያውቁት ግን ሙቀቱን ነው።

አንደኛው ተቀማጭ፣ ሊያጽናናቸው ብሎ ይመስለኛል፣ «ጋሼ፣ ጎማ ነው የማይለምደው፤ ሰው ግን ይለምዳል» አላቸው። ጋሼ ፈገግ አሉ። «መልመድ የምትሉት እኮ መጠንከር ነው» አሉ። «እኔም ሃያ ዓመት ጠንክሬ ነው ለመድኩ የምለው። የጠነከረ ነገር ደግሞ አይይዝም።»

በዚህ ግን ከሳቸው ጋር አልስማማም፤ ፊት ለፊት ባልከራከራቸውም። የጠነከረ ሰው «አወቅሁ» ብሎ ይዘጋል። እሳቸው ያን ዕለት ዕዳ ተበድረው ለሁሉም ወቅት የሚሆኑ አራት ጎማዎች አስገቡ። አንድ ቸርኬም ገዙ። የሙቀቶቹን፣ ከጠርዙ ድንጋይ ጋር ከተጋጨው በቀር፣ በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ ከምድር ቤት አኖሯቸው። ከዚያ ደግሞ ያላሰብኩትን አደረጉ። የሚያውቋቸውን ዘጠኝ ሹፌሮች ሰብስበው ዕቁብ ጀመሩ፤ የጎማ ዕቁብ። በየወሩ ያዋጣሉ፤ ዕጣው የወጣለት ጎማ ይገዛበታል፣ ጎማው ደኅና ከሆነ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ኖቬምበር ሳይገባ ሁሉም መኪናውን አምጥቶ የጎማውን ጎን ያስነብባል። አንባቢው እኔ ነበርኩ። አሁን ጋሼ ራሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ፣ ተራራዋን ይፈልጋሉ። ሲያጡ «ይኼ ውርጭ ፈሪ ነው፤ ወደ ቤት!» ይላሉ። ስሙ ከኔው «የሙቀት ጎማ» ሳይሻል አይቀርም።

የቅዳሜው ልጅም ከጎማው አልተጣላም። ዲሴምበር ሲገባ ቀይዋን መኪና ጋራዥ ያስገባታል፤ ኤፕሪል ሲመጣ ያወጣታል። እሱም ልክ ነው። ፈጣን ጎማ ኃጢአት የለበትም፤ ወሩን ላወቀለት የሚገርም ነገር ነው።

እናንተ ደግሞ፣ በየማታው ምግብ የምታደርሱ፣ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው ሰው እጅ እያለፈች የመጣች አሮጌ መኪና የምትነዱ የግቢው ልጆች፣ ይህችን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ባትሪ ያዙና ውጡ። መጀመሪያ ኤም እና ኤስን ወይም ተራራዋን ፈልጉ። ቀጥሎ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ፤ 3519 ካለ በ2019 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ሸማች ያገለገለ ጎማ ሲገዛ ዕድሜውን በዚች ያውቃል። ከዚያ ሳንቲሙን ክተቱ። የነፋሱንም ልክ እዩ፤ አየሩ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር አንድ ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይቀንሳል፣ የመጀመሪያው ብርድ ጠዋት መብራት የሚበራባችሁ ለዚህ ነው። ያላነበባችሁት ፊደል ካለ ቅዳሜ አምጡት፤ አብረን እናነባለን። ለማንበብ አናስከፍልም።